ከጨፋ እስከ ጉጉፍቱ፦ እንቁራሪት ገዳዩ ፈንገስና የወሎ ውሃዎች

ከከሚሴ ተነስቶ የጨፋን ሜዳ አቋርጦ ኮምቦልቻ የገባ፣ ከዚያም ሐረጎን ወጥቶ ደሴን አልፎ በወረኢሉ መንገድ ጉጉፍቱ የደረሰ መንገደኛ በግማሽ ቀን ውስጥ ከ1,500 ሜትር ገደማ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ጨፋ ላይ እጅጌውን የሰበሰበ ሰው ጉጉፍቱ ላይ ጋቢውን ይደርባል። ይህ የአየር ልዩነት ባለፉት አሥርት ዓመታት በብዙ አህጉራት እንቁራሪቶችን ሲጨርስ ለኖረ አንድ ፈንገስ ትልቅ ትርጉም አለው።

ፈንገሱ ባትራኮካይትሪየም ዴንድሮባቲዲስ ይባላል፤ በአጥኚዎች ዘንድ ግን «ቢዲ» በሚለው አጭር ስሙ ወይም በወገኑ ስም «ካይትሪድ» ነው የሚጠራው። ከ4 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ያድጋል፤ በጣም የሚስማማው ከ17 በላይ ያለው ነው። 28 ላይ እድገቱ ይቆማል፤ 30 ዲግሪ ለቀናት ከቆየበት መሞት ይጀምራል። ይህን ይዞ የወሎን ካርታ ለሚያይ ሰው የደሴ፣ የቦሩ ሜዳ፣ የኩታበር፣ የተንታ ምንጮችና ጅረቶች ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ለፈንገሱ የተመቹ ናቸው። ጨፋ ላይ የሚያዝያና የግንቦት ፀሐይ ያስቸግረዋል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግን እዚያም ፋታ ያገኛል።

ሰውና ከብት ከዚህ በሽታ የሚፈሩት ነገር የለም። ፈንገሱ 37 ዲግሪ ላይ 4 ሰዓት ከቆየ ያልቃል፤ የሰው ገላ ደግሞ ያለው ልክ እዚያ ላይ ነው። ጉዳቱ በእንቁራሪት አስተኔዎች ላይ ነው፤ በእኛ አገር ይህ ማለት እንቁራሪት፣ ጉርጥ እና በምዕራቡ ደን አፈር ውስጥ የሚኖሩት እግር አልባዎቹ ሲሲሊያኖች ማለት ነው።

የጥፋቱ መጠን በቀላሉ የሚነገር አይደለም። ገዳዩ ይህ ፈንገስ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 በአውስትራሊያና በመካከለኛው አሜሪካ ከሞቱ እንቁራሪቶች ቆዳ ላይ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1999 ነው። በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 501 ዝርያዎች በዚህ በሽታ ሳቢያ ቁጥራቸው ማሽቆልቆሉን፣ ከእነዚህ ውስጥ 90ዎቹ ፈጽመው ሳይጠፉ እንዳልቀረ ዘርዝሯል። በአንድ ተሕዋስ ብቻ ይህን ያህል የአከርካሪ እንስሳ ዝርያ ያለቀበት ሌላ ጊዜ ተመዝግቦ አያውቅም።

ቆዳ ሲዘጋ

«እንቁራሪት ዝሆን አክላለሁ ብላ ተሰንጥቃ ሞተች» እንላለን። ተረቱ የተነገረው ለትዕቢተኛ ነው፤ የእንቁራሪት ሕይወት በቆዳዋ ላይ መንጠልጠሉ ግን እውነት ነው። እንቁራሪት በአፏ ውሃ አትጠጣም። እርጥብ መሬት ላይ ሆዷን ለጥፋ ትቀመጥና ከሆዷና ከጭኗ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ውሃውን ትስበዋለች። ከምትተነፍሰው አየርም ከፊሉ የሚገባው በዚሁ ቆዳ ነው። በደሟ ውስጥ ያሉት ሶዲየም፣ ፖታሲየምና ክሎራይድ መጠናቸው የሚጠበቀውም በዚሁ ነው።

ፈንገሱ የሚያጠቃው ይህንኑ በር ነው። ዘሩ አንድ ጭራ ያላት፣ በውሃ ውስጥ የምትዋኝ ደቂቅ ናት፤ በራሷ ጉልበት የምትሄደው ብዙውን ጊዜ 2 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቆዳ ላይ ስታርፍ ጭራዋን ትጥልና ኬራቲን (ቆዳንና ጥፍርን የሚያጠነክረው ፕሮቲን) ባለበት የላይኛው ሽፋን ውስጥ ገብታ ከረጢት ትሆናለች። ውሃው 22 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ከረጢቱ በ4 ወይም በ5 ቀን ይጎመራል፤ ከዚያ በቀጭን ቱቦ አፉን ወደ ውጭ ከፍቶ ሌሎች ብዙ ዘሮችን ይለቃል። ከፊሎቹ ውሃው ውስጥ ይበተናሉ፤ ከፊሎቹ እዚያው እንስሳ ላይ መልሰው ይሰፍራሉ። በሽታው የሚከፋው በዚህ የመልሶ መስፈር ዑደት ነው፤ ጥቂት ከረጢት የያዘች እንቁራሪት ጤነኛ ሆና ልትኖር ትችላለች፤ ሺህዎች ሲሆኑ ግን ቆዳው ይወፍርና ሥራውን ያቆማል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የላቦራቶሪ ጥናት አሟሟቱን ደረጃ በደረጃ አሳይቷል። በታመሙት እንቁራሪቶች ቆዳ በኩል የሚተላለፈው ጨው ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም በ20 በመቶ፣ ፖታሲየም በ50 በመቶ ገደማ ወረደ፤ በመጨረሻም ልባቸው ቆመ።

ከጅረት ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው የታመመች እንቁራሪት ምልክቷ ይህ ነው። በቀትር፣ መደበቅ በሚገባት ሰዓት፣ ገላጣ ላይ ትቀመጣለች። ሰው ሲቀርባት አትዘልም። የኋላ እግሮቿ ወደ ጎን ተዘርግተው ይቀራሉ፤ ጤነኛዋ ግን ሁልጊዜ ለመዝለል አጣጥፋ ነው የምትቀመጠው። ቆዳዋ በስስ በስሱ እየተላጠ ገላዋ ላይ ይንጠለጠላል፤ የሆዷና የጭኗ ሥር ይቀላል። በጀርባዋ ቢገለብጧት መልሳ መነሳት ያቅታታል፤ ይህ ደረጃ ላይ ከደረሰች የቀራት ሰዓታት ነው።

ጅራታሙ ግልገል፣ በትምህርት ቤት ታድፖል የምንለው፣ ኬራቲን ያለው አፉ ላይ ብቻ ስለሆነ ፈንገሱ የሚይዘውም እዚያው ነው። ትንሽ ይከሳ ይሆናል እንጂ ብዙ ጊዜ አይሞትም። እግር አውጥቶ፣ ጅራቱን ጥሎ ወደ የብስ ሲወጣ ቆዳው በሙሉ ኬራቲን ያወጣል፤ ያን ጊዜ ፈንገሱ ከአፉ ወደ ገላው ሁሉ ይዛመታል። ኩሬው በግልገል ተሞልቶ ያየ ሰው «እንቁራሪቱማ ሞልቷል» ብሎ ይሄዳል፤ ከወር በኋላ ግን ዳሩ ላይ አንዲት ትንሽ እንቁራሪት አይገኝም። የግልገል ብዛት የደኅንነት ምስክር አይሆንም።

ሞቶ የተገኘን ሁሉ ለካይትሪድ መስጠትም ስሕተት ነው። ራናቫይረስ የሚባል ሌላ በሽታ አለ፤ እሱ ግልገሎቹን ራሳቸውን በጅምላ ይገድላል፤ ከቆዳ ሥርም ደም ያፈሳል። የተባይ ማጥፊያ ከማሳ ታጥቦ ከገባ ደግሞ እንቁራሪቱ፣ ዓሣውና የውሃ ነፍሳቱ በአንድ ቦታ በአንድና በሁለት ቀን አብረው ያልቃሉ። የውሃ ነፍሳቱ ደኅና ሆነው፣ ግልገሉ ደኅና ሆኖ፣ ገና ከውሃ የወጡት ትንንሾቹ ብቻ ሲሞቱ ካይትሪድን መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥርጣሬው የሚረጋገጠው በላቦራቶሪ ብቻ ነው።

በእኛ ደጋ ምን ይታወቃል

ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኙት እንቁራሪት አስተኔዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት በሌላ አገር የሉም። ብዙዎቹ የደጋ ናቸው፤ ማለትም ለፈንገሱ በሚመቸው ሙቀት ውስጥ የሚኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ፈንገሱ በኢትዮጵያ ደጋ መኖሩንና መስፋፋቱን አሳየ፤ ናሙናው በብዛት የተሰበሰበው ከደቡቡ ደጋ፣ በተለይም ከባሌ ነበር። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የሙዚየም ናሙናዎችንና አዳዲስ ምርመራዎችን አንድ ላይ አድርጎ በአፍሪካ ደረጃ ሲያይ፣ ፈንገሱ እስከ 2000 ድረስ በጥቂቱ ብቻ እየተገኘ ቆይቶ ከዚያ ወዲህ በፍጥነት መጨመሩን አመልክቷል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። ፈንገሱ መገኘቱና በሽታው መግደሉ ሁለት ነገር ነው። ዜኖፐስ የሚባሉት፣ ከውሃ የማይወጡት፣ የኋላ እግራቸው ጣት ላይ ጥቁር ጥፍር ያላቸው እንቁራሪቶች በአብዛኛው ፈንገሱን ተሸክመው ሳይታመሙ ይኖራሉ። በደቡብ አፍሪካና በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከተያዙ የዜኖፐስ ናሙናዎች ላይ ፈንገሱ ተገኝቷል። የዚህ ወገን የሆነው ዜኖፐስ ክሊቪ ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ተወላጅ ነው፤ የከብት መጠጫ ኩሬ ሳይቀር ይበቃዋል። ለራሱ ምንም ሳይሆን ለጎረቤቱ የሚያቀብል እንስሳ ባለበት ኩሬ፣ በአጠገቡ ሣር ውስጥ የሚዘሉት ፕቲካዴና የሚባሉት ረጅም እግር እንቁራሪቶችም ሆኑ የደጋው ጉርጥ ጤንነት በየዓመቱ መታየት አለበት።

የባሌው ታሪክ ለወሎ ትልቅ ትምህርት አለው። በባሌ ማልኮልም ላርገን የተባለው የእንስሳት ተመራማሪና ሌሎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የት ምን ያህል እንዳገኙ ጽፈው አቆይተዋል። በ2008 እና ከዚያ በኋላ ወደዚያው የሄዱ አጥኚዎች ያንን መዝገብ ይዘው ስለሄዱ፣ ድሮ በብዛት ይገኙ የነበሩ ዝርያዎች መመናመናቸውን በማስረጃ ማሳየት ቻሉ። የኦስጉድ ጉርጥ የሚባለው የደቡቡ ደጋ ተወላጅ ከ2003 ወዲህ አልታየም። በዚያ መመናመን ውስጥ የደን ምንጠራና የከብት ግጦሽም ድርሻ አላቸው፤ ሁሉን ለፈንገስ መስጠት አይቻልም። ዋናው ቁም ነገር ግን የቀድሞው ቁጥር ባይኖር ኖሮ ጥያቄው ራሱ የማይነሳ መሆኑ ነው።

በፓናማም እንደዚያው ነው። ኤል ኮፔ በተባለ የደን ሥፍራ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ እየቆጠሩና ቆዳ እየመረመሩ ጠበቁ፤ ለስድስት ዓመት አንድም የታመመ አላገኙም። የመጀመሪያዋ የታመመች እንቁራሪት በመስከረም 2004 ተገኘች፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የጅምላ ሞት ሆነ። ከ74 ዝርያዎች 30ዎቹ ከሥፍራው ጠፉ። በሽታው በጥቂት ወራት ውስጥ ገብቶ ጨርሶ እንደሚሄድ ዓለም ያወቀው ከዚያ መዝገብ ነው።

እርጥብ ዕቃ የሚያደርሰው

ፈንገሱ በራሱ 2 ሴንቲ ሜትር የማይሄድ ከሆነ ከተራራ ተራራ የሚያሻግረው ማነው? በዋናነት እርጥብ ነገር ነው። በሐይቅ ውሃ ውስጥ 7 ሳምንት ሊቆይ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ግን በ3 ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ስለዚህ አደጋው ያለው በውሃና በጭቃ ጉዞ ላይ ነው።

ወሎ የሦስት ተፋሰሶች ራስ ናት። በሽሎና ወለቃ ወደ ዓባይ፣ ቦርከናና ሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ ተከዜ ከላስታ ይነሳል። ከደሴ ኩታበር የሚሄድ ሰው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከአንዱ ተፋሰስ ወደ ሌላው ይሻገራል። ውሃው በተፈጥሮ የማይገናኝበትን ይህን ጀርባ የምናሻግረው እኛ ነን፦ በመስኖ ፓምፕ ቱቦ፣ በቦቴ፣ በመረብ፣ በቦቲ ጫማ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓሣ ጫጩት።

የዓሣ ጫጩት ከአንድ ሐይቅ ወደ ኩሬ ማዛወር ለወሎ አዲስ አይደለም። ሐይቅ በተባለው የወሎ ሐይቅ ላይ ዛሬ የሚጠመደው የቆሮሶ ዓሣ ራሱ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በሰው እጅ የገባ ነው። አሁን ደግሞ ዝናብ ለማቆር የተቆፈሩ የቤተሰብ ኩሬዎች ላይ ዓሣ መጨመር ይበረታታል፤ ለገበሬው ቤት ምግብ ነውና ሊበረታታም ይገባል። የሚያሳስበው አብሮት የሚሄደው ውሃ ነው። ጫጩቱ የሚጓዘው ኦክስጅን በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ባለ የሐይቅ ውሃ ነው፤ ኩሬው ዳር ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከረጢቱ እንዳለ ይገለበጣል። እንዲህ ባይደረግ ይሻላል። ከረጢቱ ሙቀቱ እስኪመጣጠን ኩሬው ላይ 15 ደቂቃ ተንሳፎ ይቆይ፤ ከዚያ ጫጩቱ በመረብ ይውጣና ወደ ኩሬው ይግባ፤ የከረጢቱ ውሃ ከጅረትና ከቦይ ርቆ፣ ፀሐይ በሚመታው ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ። በከረጢቱ ውስጥ ግልገል እንቁራሪት ከተገኘ ወደ ኩሬው አይገባም። ዓሣ ኖሮበት በማያውቅ የምንጭ ኩሬ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ዓሣ ባይጨመር ይመረጣል፤ ዓሣ የእንቁራሪት እንቁላልና ግልገል ይበላል፤ እንቁራሪቱን ለመጨረስ ፈንገሱ እንኳ አያስፈልግም።

ለጫማና ለመረብ መፍትሔው በየሱቁ አለ፤ በረኪና ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ ከተጻፈበት አንድ ኩባያ በረኪና በአራት ኩባያ ውሃ ሲበረዝ 1 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ለ1 ደቂቃ ሲነካው ፈንገሱን ይገድላል። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ጭቃ ያለበትን ቦቲ በረኪና ውስጥ ይነክሩታል። ጭቃና ቅጠል ክሎሪኑን ራሱ ይጨርሱታል፤ ከጭቃው ሥር ያለው ዘር ይተርፋል። መጀመሪያ ጭቃው በብሩሽ ተፍቆ ይውረድ፤ የሶሉ ስንጥቅ በእንጨት ይጠረግ፤ ከዚያ በረኪናው ይምጣ። የተበረዘው በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ወራት ሙሉ ፀሐይ ላይ የቆመ ጠርሙስም ጉልበቱ ስለሚደክም አይታመንም። ሲያበቃ ዕቃውን በቧንቧ ውሃ ማለቅለቅ፣ እጣቢውን ከወንዝ ርቆ መድፋት ይገባል፤ በረኪና ለእንቁራሪትና ለዓሣ መርዝ ነው።

በረኪና መረብን ይበላል፤ ለመረብ 60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ለ5 ደቂቃ በቂ ነው። በዶሮ እርባታ ጣቢያዎች የሚታወቀው ቨርኮን ኤስ የተባለው ተሕዋስ ማጥፊያ የሚገኝ ከሆነ በአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም በጥብጦ ለ1 ደቂቃ መንከር ካይትሪድንም ራናቫይረስንም ይይዛል። 70 በመቶ አልኮል ለመቀስና ለመለኪያ ዕቃ ይሆናል። ካቲካላ ግን አይተካውም፤ ብርታቱ ከአውጪ አውጪ ስለሚለያይ የሚታመን መጠን የለውም።

«ማድረቅ በቂ ነው» የሚለው ምክር በበጋ ይሠራል። በሐምሌና በነሐሴ ደጋው ላይ ግን ደጅ የተሰጣ ነጠላ እንኳ ውሎ አድሮ አይደርቅም፤ የቦቲ ገበር ሳምንትም ሊረጥብ ይችላል። ኮንጎ ጫማ ገበር ስለሌለው በዚህ ይሻላል፤ ታጥቦ ምድጃ አጠገብ ቢቀመጥ ቶሎ ይደርቃል። በክረምት ከወንዝ ወንዝ የሚዞር የውሃ ልማት ባለሙያም ሆነ ተማሪ በማድረቅ ላይ ባይመካ ይሻላል።

ስለ ሕክምና

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «መድኃኒት የለውም ወይ?» ብሎ ነው። በገንዳ ላሉ እንስሳት አለው። ኢትራኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት በጣም ተበርዞ፣ እንስሳቱ በቀን 5 ደቂቃ ለተከታታይ ቀናት ሲነከሩበት ያድናል። ጅረት ላይ ግን መድኃኒት ማፍሰስ አይቻልም። እስካሁን ፈንገሱ ከዱር ቦታ ተጠራርጎ የወጣበት የሚታወቅ ምሳሌ የስፔኗ ማዮርካ ደሴት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተዘገበው ግልገሎቹ ሁሉ ተለቅመው ታከሙ፣ ኩሬዎቹ ደረቁና በቨርኮን ታጠቡ። ያ የሆነው ኩሬዎቹ ጥቂት፣ በዓለት የተከበቡና የተነጠሉ ስለነበሩ ነው። ደሴ ዙሪያ ላለ የእርጥብ ሜዳና የምንጭ መረብ ይህ አይታሰብም።

እኔን የበለጠ የሚያጓጓኝ በ2024 ከአውስትራሊያ የወጣው ነው። አጥኚዎቹ ቀዳዳ ያላቸውን የግንብ ጡቦች ጥቁር ቀብተው በትንሽ የላስቲክ ቤት ውስጥ ደረደሩ። እንቁራሪቶቹ በክረምት ብርድ ሙቀት ፍለጋ ራሳቸው ቀዳዳው ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ሙቀቱ ፈንገሱን ቀነሰላቸው፤ እንዲህ የዳኑትም ዳግም ሲጋለጡ ከሌሎቹ የተሻለ ተቋቋሙ። ጡብና ላስቲክ የትም አለ፤ የወሎ ደጋ የበጋ ፀሐይም አይታማም። ሁሉም ዝርያ ሙቀት ፍለጋ እንደማይወጣ ግን መታወቅ አለበት፤ ዜኖፐስ ከውሃ አይወጣም፤ ቀዝቃዛ ጅረት የለመደውም ጡብ ውስጥ ሊደርቅ ይችላል።

ከሕክምናው ይልቅ ውሃው ራሱ ይበልጥ ያሳስባል። በታንዛኒያ ኪሃንሲ ፏፏቴ ሥር፣ ሁለት ሄክታር ገደማ በሆነ በፍንጣቂ ውሃ የሚረጥብ ቦታ ላይ ብቻ ይኖር የነበረ ትንሽ ጉርጥ ነበር። የኃይል ማመንጫ ግድብ ሥራ ሲጀምር እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ፏፏቴው አብዛኛውን ውሃውን አጣ። በሰው ሠራሽ ርጭት ሊያቆዩት ሞከሩ፤ በ2003 ግን ቁጥሩ ወደቀ፤ ካይትሪድም ተገኘበት። በ2009 ከዱር ጠፍቷል ተባለ፤ የተረፈው አሜሪካ ውስጥ በመካነ እንስሳት በተራባው ነው። ውሃ ያነሰበት እንስሳ በቀረችው ጥቂት እርጥበት ላይ ይታፈጋል፤ ከበሽታው ጋርም ቅርብ ለቅርብ ይሆናል። ምንጭ ዳር የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ እስከ መጨረሻው ጠብታ በቱቦ የተጠለፈ ምንጭ በእኛም ደጋ ይህንኑ ያደርጋሉ። ምንጭ ሲጎለብት ትርፉ ውሃ ሁሉ ወደ ገንዳ ከሚገባ ጥቂቱ ወደ ታችኛው ሣር እንዲፈስ ማድረግ ወጪ የለውም። ተዳፋቱ ተከልሎ እርከን ተሠርቶ ምንጩ በተመለሰበት ቦታም የእንቁራሪቱ ጩኸት አብሮ ይመለሳል፤ ያ ቦታ ቀድሞ ሊቆጠር ይገባዋል።

ለሰውም የሚተርፍ ነገር አለበት። በኮስታሪካና በፓናማ ወረዳ በወረዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ካይትሪድ እንቁራሪቶችን ከጨረሰ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወባ በሽተኛ ቁጥር መጨመሩን አሳይቷል፤ ግልገልና እንቁራሪት የትንኝ ዕጭና ትንኝ ይበላሉና። የወባ ትንኙም ሆነ እንቁራሪቱ በእኛ አገር ሌላ ነው፤ ያንን ቁጥር አምጥቶ እዚህ መለጠፍ አይቻልም። ወባ ለሚያውቃቸው ለኮምቦልቻ፣ ለከሚሴና ለጨፋ ግን ጥያቄው መጠናት ያለበት ነው።

ቆጠራው እንዴት ይጀመራል

በወሎ ደጋ አሁን መሠራት ያለበት ቀዳሚው ሥራ የየዓመቱ ቆጠራ ነው ብዬ አምናለሁ። መድኃኒትም ላቦራቶሪም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በጀቱ ትንሽ ነው፤ ባለሙያ አስተባባሪ፣ ባትሪና ስልክ ይበቃሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ አለው፤ የባዮሎጂ መምህራን በየወረዳው አሉ።

ጣቢያዎቹ በከፍታ ይመረጡ፦ አንዱ ጨፋ ረግረግ ዳር፣ አንዱ በሐይቅ ወይም በአርዲቦ ደንገል ዳር፣ አንዱ ቦሩ ሜዳ፣ አንዱ ጉጉፍቱ፣ አንዱ በቦረና ሳይንት ከደንቆሮ ጫካ ጅረት አጠገብ። ወሎ በልግም ክረምትም ስላላት ቆጠራው ከመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ በኋላ በሁለቱም ወቅት ይደረጋል። ሰዓቱ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ነው። ቦታው ላይ ሲደርሱ ባትሪ አጥፍቶ 2 ደቂቃ ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ የሰው ኮቴ ያስደነገጣቸው ዝም ብለው ይቆያሉና። ከዚያ 5 ደቂቃ ይሰማል። ምንም ካልተሰማ 0፤ አንድ በአንድ ተለይተው የሚቆጠሩ ከሆነ 1፤ ድምፃቸው እየተደራረበ ግን ቁጥራቸው የሚገመት ከሆነ 2፤ ኩሬው በሙሉ አንድ ጩኸት ከሆነ 3 ይጻፋል። የውሃው ሙቀት፣ ዝናቡ፣ ነፋሱ አብሮ ይጻፋል።

ድምፁ በስልክ ይቀዳ። መጀመሪያ ቀኑና ቦታው በአንደበት ይነገር፤ ፋይሉ ሳይታመቅ በዋቭ (WAV) ዓይነት ይቀመጥ። የደጋ ፕቲካዴናዎች በመልክ ስለሚመሳሰሉ ብዙዎቹ የተለዩት በዘረመልና በድምፅ ምርመራ ነው፤ ዛሬ ስሙ የተሳሳተ ዝርያ ድምፁ ካለ ከዓመታት በኋላም ይታረማል። ስሙ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ግን ስሕተቱን ይዞ ይኖራል። ዜኖፐስ ውሃ ውስጥ ስለሚጮህ በዚህ መንገድ አይሰማም፤ እሱ የሚያዘው ጉበት ባለበት አፈ ጠባብ ወጥመድ ነው። ወጥመዱ ሙሉ በሙሉ ከሰጠመ እንስሳው አየር አጥቶ ያልቃል፤ አንድ ጎኑ ከውሃ በላይ መቅረት አለበት።

ቆጠራው አንድ ሁለት ዓመት ከዘለቀ የቆዳ ናሙና ይጨመራል። ማዳመጥና መቅዳት ማንም የሚያደርገው ነው፤ እንስሳ መያዝና ናሙና ማውጣት ግን ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ እንስሳ አዲስ ጓንት፣ አዲስ የጥጥ እንጨት። ሆዱ ላይ 5 ጊዜ፣ በሁለቱ ጭኖች ውስጠኛ ጎን 5 5 ጊዜ፣ በሁለቱ የኋላ እግሮች ጣት መካከል 5 5 ጊዜ፣ በጠቅላላው 25 ጊዜ ሳብ ሳብ ይደረጋል። ጥጡ በደረቅ ቱቦ ወይም በአልኮል ውስጥ ተከትቶ ከፀሐይ ይሸሸግ፤ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የዋለ ናሙና ከሙቀቱ የተነሳ ውሸት ሊናገር ይችላል።

የሚመረመረው እንስሳ ብዛት የሚወሰነው በሚፈለገው እርግጠኝነት ልክ ነው። 10 እንቁራሪት ተመርምሮ ሁሉም ነጻ ቢሆን፣ በኩሬው ካሉት አራት አንዱ ታሞ እንኳ በዕድል አምልጦን ሊሆን ይችላል። ሕመሙ 5 በመቶ ቢሆን እንኳ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ለመያዝ ወደ 60 እንስሳ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሦስት አየን፣ የለም» የሚል ሪፖርት ተቀባይነት የለውም።

በመዝገቡ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን 0 ነው። ዝናብ ዘንቦ፣ ውሃው ሞልቶ፣ ሰው ደርሶ ምንም ያልሰማበት ምሽት «ቆጠራ አልተደረገም» ተብሎ ባዶ ይተዋል። ባዶ መስመርና 0 አንድ አይደሉም። ቦሩ ሜዳ ላይ ሦስት ክረምት 3 ሲጻፍ ቆይቶ በአራተኛው 0 ከመጣ፣ በዚያው ሳምንት ጓንትና የጥጥ እንጨት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል፤ የሞቱት ከመበስበሳቸው በፊት ለመድረስ ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን ብቻ ነው።